ያገለገለ ላፕቶፕ፦ ሱቅ ውስጥ ምን ትፈትሻላችሁ፣ ቤት ስትገቡስ ምን ታስተካክላላችሁ?

«ላፕቶፕ ልገዛ ነው፣ ምን ምን ልይ?» ኮዬ ፈጬ ከገባሁ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ሳልሰማ ያለፈ ወር የለም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥያቄው የሚመጣው ከተገዛ በኋላ ነው፤ ያኔ የምረዳው ነገር በጣም ትንሽ ይሆንብኛል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው በቃል የምነግረውን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

መመሪያው በተለይ እንደኛ ከአዲስ አበባ ዳር ለሚኖሩ ነው፤ ለኮዬ፣ ለቱሉ ዲምቱ፣ ለቦሌ አራብሳ፣ ለየካ አባዶ፣ ለለገጣፎ፣ ለሰበታ፣ ለቡራዩ ሰው። እኛ ጋ መብራት ሲሄድ የሚያሠራን ባትሪው ብቻ ነው። ኢንተርኔታችን በአብዛኛው የስልክ ዳታ ነው። መገናኛ ወይም መርካቶ የተገዛ ዕቃ ለመመለስ ደግሞ ታክሲ ቀያይሮ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ለዚህ ነው ፍተሻው ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ማለቅ ያለበት።

ታብሌት ይሻል እንደሆነ የሚጠይቁኝም አሉ። ለንባብ፣ ለቪዲዮ ትምህርት፣ ለልጆች ታብሌት ጥሩ ነው፤ ባትሪውም ይቆያል። የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ ሒሳብ ለሚሠራ ወይም የሥራ ማመልከቻ ለሚያዘጋጅ ሰው ግን ላፕቶፕ ነው የምመክረው። ታብሌት የምትገዙ ከሆነ ካርቶኑ ላይ «16 ጊጋ ራም» የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። ብዙውን ጊዜ 8 ጊጋው ከማስቀመጫው ላይ የተበደረ እንጂ እውነተኛ ራም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) አይደለም። ሲፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ መተግበሪያ ጭናችሁ ትክክለኛውን ቁጥር እዩ። ሴቲንግስ ውስጥም የአንድሮይዱን ቁጥርና የመጨረሻውን የደህንነት ማሻሻያ ቀን ተመልከቱ። ቀኑ ከሁለት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ከሆነ ተዉት።

ይዛችሁ የምትሄዱት

- ባዶ ፍላሽ። የዲስክን ጤና የሚያሳየውን ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለ ነፃ ፕሮግራም፣ መጫን የማያስፈልገውን ዓይነት፣ ቀድማችሁ ቅዱበት።
- ሆትስፖት የሚሠራ ስልክ፣ ጥቂት ዳታ የተሞላ።
- ባለገመድ ኢርፎን።
- ወረቀትና እስክሪብቶ።
- ቢያንስ አንድ ሰዓት ጊዜ። ከሥራ መልስ፣ ሱቁ ሊዘጋ ሲል አትሂዱ፤ የተጣደፈ ሰው ባትሪ አይፈትሽም።

ክፍል አንድ፦ ሱቁ ውስጥ

1. ቻርጀሩን ንቀሉና ሰዓት መዝግቡ

ላፕቶፑ እጃችሁ እንደገባ መጀመሪያ የምታደርጉት ይህን ነው። ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ጨምሩ፣ ባትሪው ስንት ፐርሰንት ላይ እንዳለና ሰዓቱን ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ከዚህ በኋላ ያሉትን ፍተሻዎች ሁሉ በባትሪ ነው የምትሠሩት። በዚህ መንገድ ባትሪው ሌላ ጊዜ ሳይሻማ ይፈተናል። ሲነቀል ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ሞቷል፤ ዋጋው ላይ አዲስ ባትሪ ጨምራችሁ አስቡ።

2. አጥፍታችሁ አስነሱትና ባዮስ ውስጥ ግቡ

ሻጩ ቀድሞ ከፍቶ የጠበቃችሁን ማሽን እንዳለ አትቀበሉ። ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ስታስነሱት ኤችፒ ከሆነ ኤፍ10፣ ዴል ከሆነ ኤፍ2፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ከሆነ ኤፍ1 ደጋግማችሁ ተጫኑ። የሚከፈተው ገጽ ባዮስ ይባላል፤ ዊንዶውስ ከመጀመሩ በፊት ማሽኑ የሚያነበው መሠረታዊ ማስተካከያ ነው።

እዚህ የምታዩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፓስወርድ ይጠይቃል ወይ የሚለው ነው። ከውጭ የሚመጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የድርጅት ዕቃ የነበሩ ናቸው፤ ድርጅቱ ባዮሱን ቆልፎት ሊሆን ይችላል። የተቆለፈ ባዮስ ዊንዶውስ ሲበላሽ ከፍላሽ አስነስታችሁ አዲስ እንዳትጭኑ ሊከለክላችሁ ይችላል። እኔ ራሴ በዚህ ተጎድቻለሁ። የመጀመሪያ ላፕቶፔን ስገዛ ስክሪኑንና ውበቱን ብቻ አይቼ ከፈልኩ። ከአምስት ወር በኋላ ፎርማት ላደርገው ስል ማሽኑ የማላውቀውን ፓስወርድ ጠየቀኝ፤ ሻጩን ላገኘው አልቻልኩም። «ፓስወርዱን በኋላ እናጠፋልሃለን» የሚል ሻጭ ካለ አሁኑኑ ፊታችሁ ያጥፋው። አለበለዚያ ሌላ ማሽን ጠይቁ።

ሁለተኛው ሴሪያል ቁጥሩ ነው። ባዮስ ውስጥ ያለው ቁጥር ከጀርባው ከተለጠፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ የታችኛው ሽፋን ወይም ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ከሌላ ማሽን የመጣ ነው። ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ያዙት፤ ደረሰኝ ላይ ታስጽፉታላችሁ።

3. የፕሮሰሰሩን ትውልድ አንብቡ

ፕሮሰሰር የላፕቶፑ አንጎል ነው፤ ሰው ሁሉ ስለ እሱ የሚጠይቀው «አይ5 ነው አይ7?» ብሎ ነው። ጥያቄው መሆን ያለበት «ስንተኛ ትውልድ ነው?» ነው። የዊንዶውስ ምልክቱን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ሲስተም የሚለውን ክፈቱ። ፕሮሰሰር ከሚለው ጎን አይ5-8250ዩ የመሰለ ስም ታያላችሁ። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር አጀማመሩ ትውልዱን ይነግራል፦ 6300 ካለ 6ኛ፣ 8250 ካለ 8ኛ፣ 1035 ካለ 10ኛ፣ 1135 ካለ 11ኛ።

8ኛ ትውልድ ዋናው ድንበር ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. (ኦክቶበር 14፣ 2025) አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በቀር 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ያለው ማሽን ይፈልጋል። ሌላው ፍጥነት ነው፦ የ6ኛ ትውልዱ አይ7-6600ዩ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ብቻ ሲኖረው፣ የ8ኛ ትውልዱ አይ5-8250ዩ ግን አራት አለው። ያረጀ አይ7ን ከአዲስ አይ5 በበለጠ ዋጋ መግዛት በጣም የማየው ስህተት ነው።

ዊንዶውስ 11 የተጫነበት 6ኛ ወይም 7ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ብታዩ አትደነቁ። መስፈርቱን በሚዘል ዘዴ ይጫናል፤ ማሻሻያ ለመቀበሉ ግን ማይክሮሶፍት ዋስትና አይሰጥም። በጀታችሁ ከዚህ ካላለፈ አሮጌውን ማሽን በርካሽ ግዙና በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ሥርዓት ጫኑበት። ነፃ ነው፣ ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አለው፤ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት በደንብ ይበቃል።

4. ራምና ዲስክ

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሜሞሪን እዩ። 8 ጊጋ ዝቅተኛው ነው። 4 ጊጋ ካለና «ስሎትስ ዩዝድ 1 ከ 2» የሚል ከሆነ በኋላ መጨመር ይቻላል። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ግን ራማቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አይጨመርም። ሻጩን ጠይቁ።

እዚያው ዲስኩ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ) ወይም ኤችዲዲ (የሚሽከረከረው የድሮው) መሆኑን ይጽፋል። ኤችዲዲ ከሆነ ማሽኑ እስኪነሳ ቡና ይፈላል፤ ወደ ኤስኤስዲ አስቀይሩት። አሮጌ ላፕቶፕን ከዚህ የበለጠ የሚያነቃው ነገር የለም።

አሁን ፍላሹን ሰክታችሁ ክሪስታልዲስክኢንፎን ክፈቱ። ሰማያዊ ከሆነና «ጉድ» ካለ ደህና ነው። ቢጫ ሆኖ «ኮሽን» ካለ ዲስኩ መዳከም ጀምሯል፤ ፋይላችሁን አትመኑበት፣ ዋጋ አስቀንሱ ወይም ዲስኩን አስቀይሩ። «ፓወር ኦን አወርስ» የሚለው ዲስኩ በጠቅላላ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያል። «ሁለት ወር ብቻ ነው የተሠራበት» የተባለ ማሽን 15,000 ሰዓት ካሳየ የተነገራችሁ ትክክል አይደለም።

5. የባትሪውን ሪፖርት አውጡ

ይህን እርምጃ ለከተማ ዳር ሰው ከሁሉም በላይ አስቀድመዋለሁ። የፍለጋ ቦታው ላይ ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብላችሁ ጻፉና ጥቁሩን መስኮት ክፈቱ። በእንግሊዝኛ ፊደል ፓወር የሚለውን ቃል ጽፋችሁ ሳትለያዩ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ ጨምሩ። አንድ ክፍት ቦታ ተዉ። ወደ ቀኝ ያጋደለውን ስላሽ አድርጉና ባተሪ ሪፖርት የሚሉትን ሁለት ቃላት አጋጥማችሁ እንደ አንድ ቃል ጻፉ። ኢንተር ስትሉ ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ይነግራችኋል፤ ከፍታችሁ አንብቡት።

የምትፈልጉት ሁለት ቁጥር ነው። «ዲዛይን ካፓሲቲ» ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረው ነው፤ «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» ደግሞ ዛሬ የሚይዘው። ዲዛይኑ 50,000፣ የዛሬው 30,000 ቢሆን 60 ከመቶ ቀርቷል ማለት ነው። 30,000 ሚሊዋት-ሰዓት የያዘ ባትሪ፣ ለጽሑፍ ሥራ 10 ዋት ገደማ የሚበላ ላፕቶፕን ሦስት ሰዓት ያህል ያቆማል። የኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ከ70 ከመቶ በላይ ከሆነ እገዛለሁ፤ ከ50 እስከ 70 ባለው እከራከራለሁ፤ ከ50 በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ካልተቀነሰልኝ አልወስድም።

ሁለቱ ቁጥሮች ፍጹም እኩል ከሆኑ ተጠራጠሩ። የተቀየረ፣ ጥራቱ የማይታወቅ ባትሪ አንዳንዴ እንዲህ ያሳያል። መልሱን የሚሰጣችሁ መጀመሪያ የመዘገባችሁት ሰዓት ነው፦ በ20 ደቂቃ 10 ፐርሰንት ከወረደ ሙሉው 200 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሄዳል። በ20 ደቂቃ 30 ፐርሰንት ከወረደ ግን ሪፖርቱ ምንም ይበል ምን ባትሪው አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው የሚቆየው።

ማስጠንቀቂያ፦ ታችፓዱ ወደ ላይ ከተነሳ፣ ወይም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ተስተካክሎ አልቀመጥ ካለ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። ያበጠ ባትሪ እሳት ያስነሳል። አትጫኑት፣ አትውጉት፣ ቻርጅ አታድርጉት። ያንን ማሽን ተዉት።

6. ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ቀዳዳዎች

ባዶ ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ጥቁር ነጥብና ጥላ ፈልጉ። ኖትፓድ ላይ እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫኑ። ሁሉንም የዩኤስቢ ቀዳዳ በፍላሹ ሞክሩ፤ ኢርፎኑን ሰኩ፤ ካሜራውን ክፈቱ፤ በስልካችሁ ሆትስፖት ዋይፋዩን አገናኙ። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ከፍታችሁ ዝጉ፤ ማጠፊያው የሚንቋቋ ወይም ጥጉ የተሰነጠቀ ከሆነ ብዙ ሳይቆይ ስክሪኑን ይዞት ይሄዳል።

7. የድርጅት መቆለፊያ እንደሌለው አረጋግጡ

ይህ ከባዮስ ፓስወርድ የተለየ ነው። አንዳንድ ድርጅቶች ኮምፒውተሮቻቸውን በኢንተርኔት ይመዘግባሉ። ማሽኑ አሁን በሰላም ይሠራል፤ ፎርማት አድርጋችሁ ከኢንተርኔት ጋር ስታገናኙት ግን የድርጅቱን ስም ያወጣና የሠራተኛ ኢሜይል ይጠይቃል። ፎርማት ቢደረግም ምዝገባው አይጠፋም፤ ሊያነሳው የሚችለው ድርጅቱ ነው። ሻጩ ከፈቀደ ሪሴት አስደርጉና በሆትስፖታችሁ አገናኝታችሁ እስከ መጨረሻው ተከታተሉት። ጊዜ ከሌለ «የድርጅት መቆለፊያ ከተገኘ ይመለሳል» የሚል ቃል ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

8. ቻርጀርና ደረሰኝ

የቻርጀሩን ጽሑፍ አንብቡ። «100–240 ቮልት» ካለ ለእኛ 220 ቮልት ይሆናል፤ ሶኬቱ የአሜሪካ ከሆነ ማገናኛ ብቻ ይበቃዋል። ይህ ግን ለሁሉም ዕቃ አይሠራም። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ፕሪንተር 120 ቮልት ብቻ ከሆነና በማገናኛ ከሰካችሁት ይቃጠላል። ዋቱም ከላፕቶፑ ጋር ይግጠም፤ 65 ዋት ለሚፈልግ ማሽን 45 ዋት ከሰጣችሁት ቀስ ብሎ ይሞላል ወይም ጨርሶ አይሞላም።

ደረሰኙ ላይ ሞዴሉ፣ ሴሪያል ቁጥሩና የመመለሻው ቀን ይጻፍ። ሴሪያል የሌለው ደረሰኝ የትኛውን ማሽን እንደገዛችሁ አያሳይም፤ ዕቃው የስርቆት ሆኖ ቢገኝም ማስረጃ የሚሆናችሁ ይኸው ነው።

ክፍል ሁለት፦ ቤት ስትገቡ

9. ዳታችሁን ከዊንዶውስ ጠብቁ

ላፕቶፑን ከሆትስፖት ጋር እንዳገናኛችሁ፣ ሌላ ምንም ሳትነኩ፣ ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ ውስጥ ገብታችሁ የኔትወርኩን ፕሮፐርቲስ ክፈቱና «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን፣ ማለትም ዳታ ቆጣቢውን፣ አብሩ። ይህን ካላደረጋችሁ ዊንዶውስ በጀርባ በኩል ማሻሻያ ያወርድና የወር ጥቅላችሁን በአንድ ማታ ሊጨርሰው ይችላል። «ትናንት የገዛሁት 5 ጊጋ የት ገባ?» ብሎ የሚመጣ ሰው ችግሩ ከአሥር ዘጠኙ ይኸው ነው።

ማሻሻያውን ጨርሶ መተው ግን ስህተት ነው፤ የደህንነት ቀዳዳ የሚደፈነው በእሱ ነው። በወር አንድ ቀን ላፕቶፑን ዋይፋይ ያለበት ቦታ፣ ቢሮ ወይም ካፌ፣ ወስዳችሁ አውርዱ። የሌሊት ጥቅል የምትጠቀሙ ከሆነ በዚያ ሰዓት አድርጉት።

10. መብራት

ላፕቶፑን ቀጥታ ግድግዳ ላይ አትሰኩ፤ መከላከያ ያለው ዲቫይደር ወይም ስታቢላይዘር መሃል ይግባ። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ። ብዙውን ጊዜ ቻርጀር የሚቃጠለው መብራቱ በሚመለስባት ቅጽበት ከፍና ዝቅ ሲል ነው።

ቀኑን ሙሉ ሰክታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ባትሪው 80 ከመቶ ላይ እንዲቆም አድርጉ፤ ዕድሜው ይረዝማል። ሌኖቮ ላይ በቫንቴጅ ፕሮግራም፣ ብዙ ኤችፒና ዴሎች ላይ በባዮስ ውስጥ ይገኛል። እኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋበትን ቀን ቀድማችሁ ካወቃችሁ ግን ዋዜማውን 100 አስሞሉት።

11. አማርኛ

ሴቲንግስ፣ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ ውስጥ አማርኛን ጨምሩ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመቀየር የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ባር አንድ ላይ ተጫኑ። አጻጻፉ ካልተመቻችሁ ኪማን የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከአማርኛ ኪቦርዱ ጋር ጫኑ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባሉትን ነፃ ፊደሎችም ጨምሩ።

የድሮ ሰነድ ስትከፍቱ ፊደሉ ዝብርቅርቅ ያለ ምልክት ከሆነ ፋይሉ አልተበላሸም፤ ዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ማሽን የሚያውቀው የፊደል አሠራር) ከመለመዱ በፊት በነበረ የግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው። ያንኑ ፊደል መጫን ወይም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያስፈልጋል። አዲስ ጽሑፍ ሁሉ በዩኒኮድ ይሁን።

12. የቢሮ ሥራና ማሳተም

ሊብሬኦፊስ ነፃ ነው፤ ዋይፋይ ካለበት አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ የዎርድና የኤክሴል ፋይል ይከፍታል። ጫኑና ቱልስ፣ ኦፕሽንስ፣ ሎድ/ሴቭ፣ ጄኔራል ውስጥ በየ10 ደቂቃው የሚለውን ራስ-ሰር ማስቀመጫ ወደ 2 ደቂቃ አውርዱት። ባትሪያችሁ ደካማ ከሆነ መብራት ሲሄድ የምታጡት የሁለት ደቂቃ ሥራ ብቻ ይሆናል።

ፎቶ ኮፒ ቤት የምትወስዱት ፋይል ምንጊዜም ፒዲኤፍ ይሁን። የእነሱ ኮምፒውተር የእናንተ ፊደል ከሌለው ገጹ ይፈርሳል፤ ፒዲኤፍ ግን እንዳለ ይወጣል። የተሻለው ደግሞ በቴሌግራም መላክ ነው። ብዙ ሰው የሚሰካበት ኮምፒውተር ላይ የገባ ፍላሽ ሾርትከት ቫይረስ ይዞ ይመለሳል፤ ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። ያኔ ሾርትከቱን አትክፈቱ፣ ፍላሹንም ፎርማት አታድርጉ፤ ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። መጀመሪያ ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ፀረ-ቫይረስ፣ በዊንዶውስ ዲፌንደር፣ አስፈትሹት፣ ከዚያ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን አብሩ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ክራክ፣ ማለትም ፈቃድ ሳይገዙ ፕሮግራም የሚያስከፍት ነገር፣ መጫን። ብዙዎቹ ዲፌንደርን አጥፉ ይላሉ፤ በዚያው በር ሌላ ነገር ይገባል። የድርጅት የነበሩ ላፕቶፖች አብዛኞቹ የዊንዶውስ ፈቃዳቸው ባዮሳቸው ውስጥ ስላለ፣ ያንኑ ዓይነት ዊንዶውስ ስትጭኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ ይነቃል። ክራክ አያስፈልጋችሁም።
- ፋይልን አንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ። የመመረቂያ ጽሑፍ ላፕቶፑ ላይ፣ ፍላሽ ላይ፣ እና ቴሌግራም ላይ በሴቭድ ሜሴጅስ ይቀመጥ። ቴሌግራም ላይ ያለው ቤታችሁ ቢሰረቅም አይጠፋም።
- አልጋና ሶፋ ላይ መሥራት። አየር ማስገቢያው ይዘጋል፣ ማሽኑ ይግላል፣ ራሱን ያዘገያል። አዲስ ሰፈር፣ ኮብል ያልተነጠፈበት ከሆነ አቧራውም ብዙ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ባለሙያ ፋኑን ያጽዳው።
- የመመለሻው ቀን ሳያልፍ አለመጠቀም። ላፕቶፑን ለበዓል ስጦታ ብላችሁ ካርቶን ውስጥ አታቆዩት። በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ክፈቱት፣ ሁለት ሁለት ሰዓት አሠሩት፣ ከ9 እስከ 12 ያሉትን እርምጃዎች በዚያው ሳምንት ጨርሱ። ጉድለት ካገኛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ለሻጩ ደውሉ፤ ደረሰኙን፣ ቻርጀሩንና የጻፋችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ በጠዋት ውጡ።